ግራ እጅ የሚጨበጥበት ቤት

ነገሩ የተጀመረው በታላቅ እህቴ ሠርግ ነው። እኛ ሰፈር፣ ሐዋሳ፣ ሙሽሮቹ ከመሄዳቸው በፊት የሁለቱም ወገን ተነስቶ ይመርቃል። «የሙሽሪት የእናት ወገን» ሲባል ግማሹ ድንኳን ተነሳ። «የአባት ወገን» ሲባል አባቴ ብቻውን ቆመ። ከመናገሩ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው አየ፤ ሌላ የሚነሳ ሰው ያለ ይመስል። ማንም አልነበረም። መርቆ ተቀመጠ። ሌላው እንግዳ ያስተዋለ አይመስለኝም። እኔ ግን ያን ዞር ማለቱን ልረሳው አልቻልኩም።

በዚያው ሳምንት አያቴ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሱቅ ገብቼ ዋጋ መጠየቅ የሚከብደኝ ሰው ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ስዘጋጅበት ዋልኩ። አባቴ የሚያውቀው ጥቂት ነበር። አባቱ የሞተው እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። ስሙ እንድሪስ ሙሄ፣ አገሩ ከከሚሴ ወዲህ ጨፋ፣ ሐዋሳ የመጣው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ነው። አንድም ቀን ተመልሶ አልሄደም። ለምን እንደወጣ ሲጠየቅ መሬት መሬቱን እያየ ይስቅ ነበር፤ በቃ።

ሌላው የምናውቀው ነገር ጣት ነው። አባቴ በግራ እጁ፣ ከትንሿ ጣቱ ጎን፣ ትርፍ ጣት አለችው። አያቴም ነበረችው። እኔም ይዣት ተወልጄ እናቴ በክር አስራ አስጣለቻት፤ የምስር ክክ የምታህል ጠባሳ ቀርታለች። ልጅ ሳለሁ ስለማፍርባት ግራ እጄን በቀኜ ሸፍኜ የመቆም ልማድ ይዣለሁ።

ዘር መቁጠር እንደ ቆሎ ነው፤ አንዴ ከጀመሩት እጅ አይመለስም። የእናቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት ለመድረስ አክስቶቼን ማስቸገር ብቻ በቃኝ። ቅዳሜና እሑዴ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት በመዞር አለቀ። ዝምተኛዋ ሐያት ምን ነካት እስኪባል ድረስ ጠያቂ ሆንኩ። የአባቴ ወገን ግን ሙሄ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ለመሄድ ቆረጥኩ። አብሮኝ እንዲሄድ አባቴን ለመንኩት፤ እንቢ አለ።

«ሰውየው ለምን እንደወጣ አናውቅም። ደም ቢኖርበትስ? ይቀበሉኝ እንደሆነ መጀመሪያ አንቺ እይልኝ። ደግሞ ማን እንደሆንሽ ቶሎ አትናገሪ፤ መሬት ልትጠይቅ መጣች ይሉሻል። አድምጪ።»

ማድመጥ እንደሆነ ታውቅበታለች የምባልበት ነገር ነው።

ዓርብ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ስለሆነ አላበዛበትም። ለስጦታ ብዬ አንድ ቦርሳ ሙሉ አቮካዶ ይዤ ነበር፤ እኛ ዘንድ በጋሪ ተጭኖ የሚሸጥ ስለሆነ እዚያ እንደ ብርቅ ይታይልኛል ብዬ ነው። ጥሬውን መርጬ ነበር የገዛሁት። መነኻሪያው አጠገብ ባለ ማደሪያ ከአቮካዶዬ ጋር አደርኩ።

ቅዳሜ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሳ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣርማ በር ስንደርስ ዋሻው አፍ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፤ ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ይጠማዘዛል። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ቁልቁለት ነው። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሹራቤም ጃኬቴም ጭኔ ላይ ነበሩ። እዚያ ላይ ነው ከአጠገቤ የተቀመጡት፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አባት፣ ጋቢያቸውን ዳሰስ አድርገው እጃቸውን የተመለከቱት። ከላይ ከዕቃ መጫኛው አረንጓዴ ነገር ይንጠባጠባል። ሙቀቱና ጥምዝምዙ አቮካዶዬን አብስሎ ጨምቆታል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በመሐረብ እጠርግላቸው ጀመር።

«አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉ። «ምንድን ነው?»

«አቮካዶ ነው... ለሰው ስጦታ...»

«ታዲያ ደረሰ እኮ!» ብለው ኮፍያቸውን አንስተው መላጣቸውን ቀባ ቀባ አደረጉ። «የእኛስ አገር ሙቀት የሰው ስጦታ ቤት እስኪገባ መች ይጠብቃል!» የኋላ ወንበር ሁሉ ሳቀ። አታዬ ላይ ሲወርዱ ከያዙት ሙዝ ግማሹን ጭኔ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ከሚሴ የሞቀች ከተማ ናት። የሐዋሳ ሙቀት ከሐይቁ ንፋስ ጋር ይመጣል፤ የከሚሴው ብቻውን ይመጣል። ባጃጁ፣ ጫጫታው፣ በየበሩ ተቀምጦ የሚያወራው ሰው እንደኛው ነው፤ ግን አንድ ሰው በአማርኛ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጨርሶ ሲያበቃ በአላህ ስም ይመርቅበታል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ከባለቤታቸው ጋር ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸው ከግቢው አልፎ ዋናው መንገድ ይደርሳል። ሽሮ በማሽላ እንጀራ አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ሥራ ነው የመጣሽው?»

«አይ... ሙሄ የሚባል አባት ያላቸው ቤተሰቦች ጨፋ በኩል ፈልጌ ነው። እስከ ሰባት ቤት ቢቆጥሩልኝ...»

ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ዓይናቸው በራ። «ማን ልኮሽ ነው?»

የአባቴ ምክር ትዝ አለኝና ማሽላውን ቆረስኩ።

«ገባኝ» አሉ። «አትንገሪኝ። እኔም ሴት ነኝ። ነገ ሰንበቴ ገበያ ነው፤ የጨፋ ሰው ሁሉ እዚያ አለ። ራሴ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

ምን እንደገባቸው መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

እሑድ

ሰንበቴ ላይ ከቆላ የወረዱት አፋሮች ግመሎቻቸውን ይዘው፣ ከደጋ የመጡት በግና እህላቸውን ይዘው ይገናኛሉ። የኛ የሐዋሳ ዓሣ ገበያ ጫጫታው ከወፍ ጋር ነው፤ የዚህኛው ከግመል ጋር። አንዱ ግመል የሻርፔን ጫፍ ነክሶ ማኘክ ጀመረ። መጮኽ አፍሬ በዝግታ ስስብ፣ እሱም በዝግታ ሲስብ፣ ባለቤቱ ደርሶ እስኪያስጥለኝ ድረስ ተጓተትን። እየሳቀ አንድ ጣሳ የግመል ወተት ሰጠኝ፤ ትንሽ ጨው ጨው ይላል፤ ጨርሼ ጠጣሁት።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ግራሩ ጥላ ወሰዱኝ። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ የሰዉ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ፣ የጎረቤቱ ጤና ሁሉ ተጠየቀ። ቀጥሎ ስለኔ የሆነ ነገር ተባለ። አንደኛው ወደ አማርኛ ዞሩልኝ።

«የሙሄን ዘር የምትጠይቂው ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?»

ግራ እጄን በቀኜ ሸፍኜ መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ።

«ማሻአላህ» አሉ አንዱ። «ሰባት ቤት ማጣራት ደግ ነው። የዛሬ ልጅ ስልክ ላይ ተገናኝቶ ነው የሚጋባው... የሚውለው።» አጠገባቸው ያሉት በክርን ጎሸም አደረጓቸው። ከዚያ ተከራክረው ከብዙዎቹ ሙሄዎች ውስጥ አንዱን መረጡልኝ፤ የሙሄ ይመርን ቤት። «ነገ ይጠብቁሻል። ደህና ቤት ነው፤ አታፍሪበትም» አሉ።

እንዴት ዘሩን የሚወድ ሕዝብ ነው፣ አልኩ በልቤ።

ሰኞ

ወይዘሮ አስካለ ጠዋት የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። ስኳርና ቴምር ገዝተዋል። «ባዶ እጅ አይኬድም» አሉ። አንድ ቃል ለመስማት ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እስከ ጨፋ ሮቢት በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። ሸለቆው ሰፊና አረንጓዴ ነው፤ ማሽላው ከባጃጁ ይረዝማል። ውሃ ያለበት ሜዳ ሲታየኝ የሐይቃችን ዳር ትዝ አለኝ፤ ሽታው ሳይቀር እሱኑ ይመስላል።

ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። በሩ ላይ ደርዘን የሚሆን ሰው ቆሟል። ሁሉም አዲስ ልብስ ለብሰዋል። ከመሃል አንዲት በጣም ያረጁ፣ ዓይናቸው ግን የነቃ ሴት ተቀምጠዋል። «አኮ ዘሀራ» ይሏቸዋል፤ አኮ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ከሐዋሳ ድረስ! መንገዱ እንዴት ነበር? ብይ መጀመሪያ።»

ገንፎው መጣ፤ ቅቤው መሃሉ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ከዚያ ሥጋው መጣ። ከዚያ እርጎው። ከጥግ አንድ ወጣት ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት! አንድም ጊዜ ቀና አላለም።

«ይኼ ሰይድ ነው፣ የልጄ ልጅ» አሉ አኮ ዘሀራ። «የውሃ ፓምፕ አለው። ማሾ ያመርታል። ሰላቱን አያስታጉልም። ጫት አይቅምም...» ሰይድ አንዴ ሳል አለ። «ብዙ አይቅምም።»

ጎበዝ ነው አልኩ፤ ሌላ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተጎሻሸሙ።

ከዚያ ቆጠሩልኝ። የሰይድ አጎት ተነስተው፣ እንደ ዱዓ ዝግ ባለ ድምፅ፦ «ሰይድ አህመድ። አህመድ ኡመር። ኡመር ሙሄ። ሙሄ ይመር። ይመር አሊ። አሊ ቦሩ። ቦሩ ጃርሶ።» እያንዳንዱ ስም ላይ ቤቱ ሁሉ በለሆሳስ አብሯቸው ይላል። በሕይወቴ በጣም ደፋሩን ጥያቄ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ሙሄ ስንት ወንዶች ወለዱ?»

ሴቶቹ ወደ አኮ ዘሀራ ዞሩ። «ኡመርን ብቻ» አሉ አኮ ዘሀራ። «የእኔን ባል፣ አላህ ይዘንለት።»

«ከአገር የወጣ... የጠፋ ወንድም...»

«እዚህ ቤት የጠፋ ሰው የለም!» ቶሎ ነው ያሉት። «በይ፣ እኛ ቆጥረናል። ተራው ያንች ነው።»

እስከ ሙሄ እንኳ አልደረስኩም። «ሐያት ሙስጠፋ» ብዬ አቋረጥኩ። አባቴ ያለው ደም ትዝ አለኝ። ይህ ቤት ደግሞ የእኛ አይደለም፤ ነገሩኝ እኮ።

«ተዋት» አሉ አኮ ዘሀራ በርኅራኄ። «ዓይን አፋር ናት። ሌላውን ሽማግሌ ሲመጣ ይነግረናል።»

የምን ሽማግሌ? ብዬ ሳልጠይቅ ተመራርቀን ወጣን። ልቤ አዝኗል። ለአባቴ ምን እንደምለው እያሰብኩ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ሰይድ አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ለመንገድ ብሎ አመጣልኝ፤ አባቴ አባቱ ሲልጥለት ትዝ የሚለው ያ ጣፋጭ አገዳ ነው። ለማስገባት ሁለቱንም እጁን ሲዘረጋ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። በግራ እጁ፣ ከትንሿ ጣቱ ጎን፣ ሌላ ትንሽ ጣት አለች።

ወዲያው ጋቢውን አንስቶ ሸፈናት። ባጃጁ ተነሳ።

«እህስ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ልጁ እንዴት ነው? ትንሽ ዝም ይላል እንጂ ቁመናው...»

«የምን ልጅ?»

«ሰይድ ነዋ! ለማን ነው ይኼ ሁሉ ድግስ? ሰባት ቤት ላጣራ ብለሽ የመጣሽው ለጋብቻ አይደለም እንዴ?»

መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ የሽማግሌዎቹ ፈገግታ፣ የክት ቀሚሱ፣ በሙቀት የተደረበው ጋቢ። ለጋብቻ ለመጣ ሰው ትርፍ ጣት አይገለጥም። ለጋብቻ ለመጣ ሰው የጠፋ ወንድምም አይነገርም።

«አቁምልኝ!» አልኩ። ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም። ሹፌሩ ፍሬኑን ሲይዝ ወይዘሮ አስካለ ከጥንቅሹ ጋር ተጋጩ።

በእግሬ፣ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አኮ ዘሀራ ገና ከመደባቸው አልተነሱም። መላው ቤተሰብ እያየኝ ነው። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሸፈንኩትን ግራ እጄን ዘረጋሁላቸው።

በግራ ሰላምታ! አንዲት ሴት «ውይ!» አለች።

«ሐያት ሙስጠፋ» አልኩ። «ሙስጠፋ እንድሪስ። እንድሪስ ሙሄ።» ቀጠልኩ። «ሙሄ ይመር። ይመር አሊ...»

አኮ ዘሀራ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። አውራ ጣታቸው ጠባሳዋን አገኛት። እያሻሹ ቆዩ።

«አስወገዱልሽ?»

«እናቴ በክር።»

«ኡመርም ነበረችው። ልጆቹም አላቸው።» ቀና አሉ። «እንድሪስ አለ?»

«የለም። አባቴ ልጅ ሳለ ሞተ።»

ኢናሊላሂ አሉ፤ ቤቱም አብሯቸው አለ። እኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ፤ በጎ ቢሆንም ክፉ ቢሆንም ለአባቴ የምወስደውን።

«ለምን ወጣ? ደም ነበረበት?»

«ደም?» አሉ አኮ ዘሀራ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሊያለቅሱ ነው ብዬ ነበር። ሳቁ። ያ ያረጀ ሰውነት እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ኧረ በአላህ! ሠርግ ነበረበት! ዳሱ ተጥሎ፣ ከብቱ ታርዶ፣ ሙሽራው ጠፋ። በማግስቱ ነው በጭነት መኪና መሄዱ የተሰማ። ለአባቱ ‹አልፈልግም› ማለት አፍሮ አገር የለቀቀ ሰው እሱ ብቻ ነው!»

«ሙሽሪትስ?» አሉ ከኋላዬ ወይዘሮ አስካለ፤ እያለከለኩ ደርሰዋል።

«ሙሽሪትማ ይኼው ገንፎ አበላቻችሁ! ሙሄ ‹ድግሱ አይበላሽም› ብለው ታናሹን ኡመርን አጋቡኝ። አልሐምዱሊላህ፤ ኡመር ይሻል ነበር።» ወደኔ ጠጋ አሉ። «ግን ንገሪኝ፣ አያትሽ ስለኔ አንድ ነገር ብሏል? ያን ያህል አስቀያሚ ነበርኩ?»

«ሲጠየቅ መሬት መሬት እያየ ይስቅ ነበር አለኝ አባቴ።»

«እሱ ነው!» ብለው ጭናቸውን መቱ። «እሱ ራሱ ነው!»

በዚያ ቤት በጣም የተደሰተው ግን ሰይድ ነበር። ጋቢውን አውልቆ ጣለው። «እንግዲያው እህቴ ናት! እኔ እኮ ባቲ ያለችው ልጅ...»

«የምን ባቲ?» አሉ አኮ ዘሀራ። ሌላ ጉዳይ ተከፈተ፤ እስኪመሽም አልተዘጋም።

ከእራት በፊት ለአባቴ ደወልኩ። ወሬውን እንዴት እንደምጀምር ሳላውቅ አኮ ዘሀራ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «የዚያ ሽሽተኛ ልጅ አንተ ነህ?» አሉት። «ስማ፣ እኔ ይቅር ካልኩ ቆየሁ። ኡመር ደግሞ በእሱ አልፈረደም፤ በየዒዱ የወንድሙን ድርሻ ሥጋ ለድሃ ሳይሰጥ አይበላም ነበር። በል ከኔ ጋር ቁጠር። ሙስጠፋ እንድሪስ...»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። አባቴ እንደ ተማሪ ተከተላቸው። ሙሄ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። «ይመር» አሉት። «ይመር» አለ። «አሊ።» «አሊ።» ቦሩን አለ። ጃርሶ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ግን አለው።

ማክሰኞ

እዚያው ጨፋ አድረን ለመሄድ ስነሳ ጭነቴ ከመጣሁበት በሦስት እጥፍ በልጧል፤ ማሾ፣ ማሽላ፣ ቅቤ፣ ጥንቅሽ። ወይዘሮ አስካለ «ጋብቻው ባይሳካም ቴምሬ አልባከነም» እያሉ ጠቅልለው ይጭናሉ። የማደሪያውን ሒሳብ ልከፍል ብል ተቆጡኝ፤ የአገር ልጅ አይከፍልም አሉ። አኮ ዘሀራ እስከ በሩ ድረስ ተደግፈው ወጡና ግራ እጄን ስመው ሸኙኝ። ሰይድና ዘመዶቹ ሁሉ በግራ ጨበጡኝ፤ ትርፍ ጣት ያላቸውም የሌላቸውም። ባጃጅ ነጂው ግራ ገብቶት ሲያይ ቆይቶ እሱም ግራውን ሰጠኝ።

ሐዋሳ ከተመለስኩ ጀምሮ አባቴ ጥንቅሹን እየላጠ ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ ያስተርከኛል፤ የሙሽራው መጥፋት ላይ ሁልጊዜ ይስቃል፣ መሬት መሬት እያየ። ባለፈው ሳምንት ሰይድ ደወለ። የባቲዋ ልጅ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት አጣርተው ተስማምተዋል። «ወገን ተነስቶ ይመርቅ ሲባል ጋሽ ሙስጠፋ ከኛ ጋር ይቆማል» አለ።

አባቴ ጫማውን አሠርቷል፤ ከሸሚዞቹም አንዱን መርጧል። ማታ ክፍሌ በር ላይ ቆመና ግራ እጁን በቀኙ ሸፍኖ ጠየቀኝ፤

«እንደደረስኩ ምን ልበል? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅበትም።»

«ምንም አትበል» አልኩት። «ግራህን ዘርጋ።»